ለቤት ደረጃና ለበረንዳ የትኛው መደገፊያ ይሻላል? ቱቦላሬ፣ ስቴንለስ፣ እንጨት፣ መስታወት ወይስ ግንብ

ሁለት ብረታ ብረት ቤቶች ለአንድ ደረጃ ዋጋ ቢጠየቁ አንደኛው የሌላውን ግማሽ ሊጠራ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም የጻፉት አንድ ነው፦ «ስቴንለስ ሃንድሬል፣ በሜትር ይህን ያህል»። ልዩነቱ ያለው ሳይጻፍ የቀረው ላይ ነው። የቱቦው ውፍረት ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ስቴንለሱ 201 የሚባለው ዓይነት ነው ወይስ 304? ቋሚዎቹ በስንት ርቀት ይቆማሉ? እግራቸው የሚታሰረው ከኮንክሪቱ ጋር ነው ወይስ ከላይ ከተነጠፈው እምነበረድ ጋር? ሜትሩስ የሚለካው በደረጃው ተዳፋት ነው ወይስ በአግድሙ? መርገጫው 30 ሴ.ሜ፣ ከፍታው 17 ሴ.ሜ የሆነ እርከን በተዳፋቱ ሲለካ 34.5 ሴ.ሜ ይሆናል። ስለዚህ በአግድም 3 ሜትር የሆነ ባለ 10 እርከን ደረጃ ሲከፈልበት 3 ሜትር ከ45 ሊሆን ይችላል። እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ሁለቱን ዋጋዎች ማወዳደር አይቻልም።

እዚህ የምናወዳድረው በከተማ በብዛት ለሚሠሩት፣ የኮንክሪት ደረጃና የሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል) በረንዳ ላላቸው ጂ+1 እና ጂ+2 ቤቶች የሚሆኑትን አማራጮች ነው። አብዛኛው ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም የሚያውለው ዓይን በሚያርፍበት በላይኛው ክፍል ላይ ነው። መደገፊያ የሚነቀለው ግን ከእግሩ ስለሆነ ስለ ዕቃው ዓይነት ከማውራታችን በፊት ስለ እግሩ ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ቁመት። በደረጃ ላይ ከእርከኑ የፊት ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲለካ እጅ የሚይዘው ክፍል 90 ሴ.ሜ አካባቢ ይሁን። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ (የግንባታ ደንብ) ከ86 እስከ 96 ሴ.ሜ ይፈቅዳል፤ ይህም ለአዋቂም ለአረጋዊም ይመቻል። ያው ኮድ ለመኖሪያ ቤት በረንዳ ቢያንስ 91 ሴ.ሜ ይላል፤ ረጅም ሰው ሲደገፍበት ግን 91 ከወገቡ በታች ስለሚሆን ለፎቅ በረንዳ 105 ወይም 110 ሴ.ሜ እንመክራለን። ልብ የማይባለው ነገር ልኬቱ ከምን እንደሚነሳ ነው። በያጁ ገና ያልተነጠፈ ኮንክሪት ላይ 105 ለክቶ ቢያቆመው፣ ስክሪድ (ከንጣፍ ሥር የሚደረግ የሲሚንቶ ድልዳል) እና እምነበረድ 7 ሴ.ሜ ሲጨምሩበት 98 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከተጠናቀቀው ወለል ይለካ።

አያያዝ። አንድ ሰው ሲንሸራተት መደገፊያውን የሚይዘው በመዳፉ ሳይሆን በጣቶቹ ጠቅልሎ ነው። ከ38 እስከ 50 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ክብ ነገር ለዚህ ይስማማል። 40 በ 60 ሚ.ሜ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ክፍት የብረት ቱቦ) በጎኑ ተጋድሞ፣ ወይም 12 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጣውላ ከላይ ተደርጎ ሲታይ ያምራል፤ እጅ ግን ያርፍበታል እንጂ አይጨብጠውም። ግድግዳ ላይ የሚታሰር ከሆነ ከተለሰነው ግድግዳ 4 እስከ 5 ሴ.ሜ ይራቅ፤ አለዚያ የጣት አንጓ ይላጣል። ጫፉ ክፍት ሆኖ ከተተወ የነጠላ ጠርዝና የቦርሳ ማንገቻ እየያዘ ሰው ይጥላል፤ ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ቋሚው ታጥፎ ይዘጋ።

ክፍተት። በሁለት ዘንጎች መካከል 10 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም። ከ10 ሴ.ሜ ከሰፋ የሕፃን ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ ሊቀረቀር ይችላል። ከታችኛው አግድም ብረት ሥር ያለው ክፍተትም በዚሁ ልክ ይሁን። በደረጃ ላይ እርከኑና የታችኛው አግድም የሚሠሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተት እስከ 15 ሴ.ሜ ሊፈቀድለት ይችላል። አግድም ለአግድም የተደረደሩ ቱቦዎች ለልጅ መሰላል ናቸው። በብዙ ቤት የምናየው ሦስትና አራት አግድም ቱቦ ያለው የስቴንለስ መደገፊያ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ፎቅ ላይ መደረግ የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ለውበት ብለን አንደራደርም።

ጥንካሬ። የላይኛው ክፍል በየትኛውም ቦታ፣ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም 90 ኪሎ ገደማ ቢገፋ መቻል አለበት። ቁጥሩ የመጣው ከዚያው ኮድ ነው። አንድ ሰው ተሰናክሎ በሙሉ ክብደቱ ሲወድቅበት የሚያርፈው ግፊት እንደዚያ ስለሆነ ብዙ አይደለም።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። ዝናብ የሚመታው ቦታ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? ሲበላሽስ የሰፈር በያጅ ሊጠግነው ይችላል ወይስ አቅራቢውን መጠበቅ ግድ ነው?

እግሩ

አንድ ሰው 105 ሴ.ሜ ከፍታ ላይ በ90 ኪሎ ሲገፋ ቋሚው እንደ መፈንቀያ ይሠራል። እግሩ ላይ 12 በ 12 ሴ.ሜ የሆነ ፕሌት (ጠፍጣፋ የብረት መቀመጫ) ካለና ቡሎኖቹ ከጠርዙ 2 ሴ.ሜ ገባ ብለው ከተበሱ፣ ግፊቱ በሚመጣበት በኩል ያሉት ሁለቱ ቡሎኖች ተደምረው ወደ 945 ኪሎ ወደ ላይ ይሳባሉ። ለአንዱ ወደ 470 ኪሎ ይደርሰዋል ማለት ነው። ፕሌቱ 8 ሴ.ሜ ብቻ ሲሆን ደግሞ ይህ ቁጥር ለአንዱ ከ780 ኪሎ ያልፋል። በፕላስቲክ ፊሸርና በቪት የታሰረ ቋሚ ይህን የሚችልበት መንገድ የለም። በእጅ ሲነቀንቁት ጠንካራ ቢመስልም እንኳ።

ዋናው ስህተት የሚፈጸመው በጥልቀት ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ከሶሌታው ላይ ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ ስክሪድ፣ ከዚያም ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ እምነበረድ ወይም ግራናይት አለ። 8 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ቡሎን ከላይ ሲገባ አብዛኛው አካሉ የሚቀረው በእነዚህ ውስጥ ነው፤ ኮንክሪቱን የሚነካው ጫፉ ብቻ ነው። እምነበረዱ ከስክሪዱ ጋር አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ ይመረጥ።

ገና ግንባታ ላይ ላለ ቤት ከሁሉ የሚሻለው ኮንክሪቱ ሳይሞላ 8 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ፕሌት ከነመልህቅ ፌሮው ከደረጃው ፌሮ ጋር አስሮ መቅበር ነው። ቋሚው በኋላ እዚያው ላይ ይበየዳል። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልገው ሙሌቱ ከመድረሱ በፊት የቋሚዎቹን ቦታ መወሰን ብቻ ነው። ይህ ጊዜ ያለፈ ከሆነ ግን ወለሉ ሳይነጠፍ ቋሚውን በባዶው ኮንክሪት ላይ አቁሞ ንጣፉን በዙሪያው ማስጨረስ ይቻላል።

ወለሉ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ከሆነ የ10 ሚ.ሜ ቡሎን ቢያንስ 9 ሴ.ሜ ኮንክሪት ውስጥ እንዲገባ፣ ከንጣፉ ውፍረት ጋር ወደ 18 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው ባለ ጥርስ ዘንግ በኬሚካል ማጣበቂያ ይተከል። በ12 ሚ.ሜ መብሻ ይበሳል፤ ጉድጓዱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ በአየር ይነፋል፤ እንደገና ይፈቃል፤ እንደገና ይነፋል። ማጣበቂያው ከታች ወደ ላይ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞላና ዘንጉ እየተሽከረከረ ይገባል። ከዚያ በእሽጉ ላይ የተጻፈው ሰዓት እስኪሞላ አይነካም። ጉድጓዱ ካልጸዳ ማጣበቂያው የሚይዘው ኮንክሪቱን ሳይሆን አቧራውን ነው፤ ዘንጉ ከነማጣበቂያው ተመዞ ሲወጣ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ለብሶ የሚታየው ለዚህ ነው።

የሚሰፋው ዓይነት ቡሎን ሲጠብቅ ኮንክሪቱን ወደ ጎን ስለሚገፋ ከሶሌታው ጠርዝ አጠገብ ይሰነጥቀዋል። በበረንዳ ላይ የውጭዎቹ ቡሎኖች ከጠርዙ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ ይራቁ። ቦታ አይበቃም ከተባለ ከጎን፣ በሶሌታው ወይም በቢሙ ፊት ላይ ማሰር ይሻላል፤ የበረንዳውን ወለል አያጠብም፣ የውሃ መከላከያ ሽፋኑንም አይበሳም። የተበሳ ሽፋን ሳይደፈን ከቀረ ከታች ባለው ጣሪያ ላይ እርጥበት ሆኖ ይወጣል።

ሁለት ቦታዎች በተለይ ያታልላሉ። በብሎኬትና በፕሪካስት (ቀድሞ ተሠርቶ በሚመጣ) ቢም የተሠራ ሶሌታ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቡሎኑ ብሎኬቱ ላይ ካረፈ አይይዝም፤ የግድ ቢሙ ላይ መዋል አለበት። እዚያም ፌሮው እንዳይነካ ጥንቃቄ ያሻል። ግድግዳ ላይ የሚታሰር እጀታም እንዲሁ ነው። የብሎኬቱ ቀዳዳ ላይ ያረፈ ፊሸር መጀመሪያ ይሽከረከራል፤ ቀጥሎ ይወጣል። መያዣዎቹ በተቻለ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ላይ ይዋሉ፤ ካልሆነ ልስኑ ተከፍቶ የብሎኬቱ ቀዳዳ በኮንክሪት ይሞላና ከደረቀ በኋላ ይበሳ። በመያዣዎች መካከል ከ90 ሴ.ሜ በላይ አይኬድ።

አማራጮቹ

*ቱቦላሬ።* በዋጋ ዝቅተኛው፣ የትም ሰፈር የሚበየድና የሚጠገን እሱ ነው። ልጆች ላሉበት ቤት ቋሚ ዘንግ ያለው የቱቦላሬ በረንዳ ከብዙ ውድ ነገር ይበልጣል። ለቋሚው 50 በ 50 ባለ 2 ሚ.ሜ፣ ለአግድሞቹ 40 በ 40 ባለ 1.5፣ ለዘንጎቹ 20 በ 20 በቂ ነው። 40 በ 40 ባለ 1.5 ለቋሚነት ሲውል በ90 ኪሎ ግፊት ከእግሩ ሊጎብጥ ስለሚችል አንመክረውም።

ውፍረቱን በሚዛን ማወቅ ይቻላል። 6 ሜትር ርዝመት ያለው 40 በ 40 ቱቦላሬ 1.2 ሚ.ሜ ከሆነ ወደ 8.8 ኪሎ፣ 1.5 ከሆነ ወደ 10.9 ኪሎ፣ 2 ከሆነ ወደ 14.3 ኪሎ ይመዝናል። «1.5 ነው» የተባለው ብረት 9 ኪሎ ከሆነ ተቀንሶበታል።

ቱቦላሬን የሚገድለው ውሃ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከውስጥ። ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ዝናብ ያስገባል፣ ውሃው ቋሚው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀለሙ ሳይነካ እግሩ ይበላል። ስለዚህ ጫፎች ሁሉ በላሜራ ተበይደው ይዘጉ። ብየዳው በነጥብ ተይዞ በስቱኮ የሚሸፈንበት ልማድ አለ፤ ከቀለም በፊት ካልታየ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሥራው በጥቁሩ እያለ ይታይ። ዘይቱና ዝገቱ ተፍቆ ሁለት ጊዜ አንቲረስት (ፀረ ዝገት ቀለም)፣ ሁለት ጊዜ ቀለም ይቀባ። ቦታው ላይ የተበየደው ሁሉ ቀለሙ ስለሚቃጠል እንደገና ከአንቲረስት ይጀመር። ዝናብ የሚመታው በረንዳ በሦስት በአራት ዓመት ቀለም ይፈልጋል። በደረጃ ላይ ከሆነ የላይኛው ብረት ላይ ክብ ቱቦ ወይም እንጨት ይደረግበት።

*ስቴንለስ ስቲል።* በትክክል ከተሠራ ቀለም አይፈልግም፣ ክብ ስለሆነ ለእጅ ይመቻል። ችግሩ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ብዙ መሆኑ ነው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አካባቢ አለው። 201 ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ነው፤ ይረክሳል፣ ያብረቀርቃል፣ ቤት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ዝናብ ላይ ግን ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። በማግኔት መፈተን ብዙዎች የሚያምኑበት ዘዴ ነው፤ ሆኖም ሁለቱን አይለይም፤ 201ም 304ም ማግኔት አይስቡም ማለት ይቻላል። ማግኔት አጥብቆ የሚስበው 430 ነው፤ እሱን ለውጭ አይግዙ። 201ን ከ304 የሚለየው የማንጋኒዝ መለያ ጠብታ ነው፤ 201 ላይ ወደ ቀይ ይቀየራል። የሚያሠሩት ብዙ ሜትር ከሆነ ሻጩ ፊትዎ እንዲፈትን ይጠይቁ።

ውፍረቱም እንዲሁ ይመዘን። ባለ 2 ኢንች ቱቦ በ6 ሜትር 0.8 ሚ.ሜ ሲሆን 6 ኪሎ፣ 1.2 ሲሆን 9 ኪሎ ገደማ ነው። 0.8 የሆነው በትንሽ ግጭት ይሰረጎዳል፤ የተሰረጎደ ስቴንለስ ደግሞ ስቱኮና ቀለም አይሸፍነውም። ለእጀታው 1.2፣ ለቋሚው 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ቋሚዎቹም ከ1 ሜትር አይራራቁ።

ብየዳው በአርጎን ጋዝ ይሠራ። ብየዳው ዙሪያ የሚታየው ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ውበት አይደለም፤ መከላከያ ሽፋኑ የተቃጠለበት ቦታ ስለሆነ እስኪጠፋ ድረስ ይጸዳ፤ ካልሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥቁር ብረት (ተራውን፣ ስቴንለስ ያልሆነውን) የቆረጠ ዲስክ ወይም ያጸዳ የሽቦ ብሩሽ ስቴንለሱን ሲነካ የብረት ቅንጣት ይተክልበታል፤ 304 ራሱ በዚህ ምክንያት የዛገ መስሎ ይታያል። ግቢ ውስጥ በር እየተቆረጠ ከሆነ ስቴንለሱን ከፍንጣሪው ያርቁ ወይም ይሸፍኑ።

እግሩ ላይ ያለችውን ክብ ሽፋን ወደ ላይ ሸርተት አድርገው ይዩ። ከሥሯ ጥቁር ፕሌት ላይ የተበየደ የስቴንለስ ቱቦና ሦስት ቪት ካገኙ ሥራው አልተጠናቀቀም። ጥቁሩ ፕሌት በወለል እጥበት ውሃ ይዝግና እምነበረዱ ላይ የማይለቅ ቡናማ ቀለበት ይተዋል። ፕሌቱም ቡሎኑም ስቴንለስ ይሁኑ። ውጭ ሆነው ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ከሚላክላቸው የሩቅ ፎቶ ይልቅ የዚችን የእግር ፎቶ ቢጠይቁ ብዙ ነገር ያውቃሉ።

ጽዳቱን በተመለከተ በረኪናና የሴራሚክ ማጠቢያ አሲድ የስቴንለስ ጠላቶች ናቸው። ሠራተኞች ቤት ሲያስረክቡ ወለሉን በአሲድ ሲያጥቡ ትነቱ ብቻ የእግሩን ክፍል ያጠቁረዋል። በለስላሳ ጨርቅ፣ በሳሙናና በውሃ ይበቃዋል።

*ጌጠኛ ፌሮ።* ከ12 በ 12 ሚ.ሜ ድፍን ብረት ስለሚሠራ ከውስጥ አይዝግም፤ በሜትር 1.1 ኪሎ ይመዝናል፤ ዕድሜው ከቱቦላሬ ይረዝማል። ክብደቱንና በየጥምዝማዛው የሚቀመጠውን አቧራ ግን ያስቡበት። የጥምዝማዛው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ10 ሴ.ሜ ይሰፋል፤ ለልጅ እግርም መርገጫ ይሆናል። ሲቀባ ብሩሽ የማይደርስበት ስርቻ ስላለው በርጭት ቢቀባ ይሻላል።

*እንጨት።* ለእጅ የሚመች፣ በጠዋት ብርድ የማይቀዘቅዝ፣ በቀትር ፀሐይ የማያቃጥል እጀታ እንጨት ብቻ ነው። የእኛ ምርጫ ለቤት ውስጥ ደረጃ የብረት አካልና የእንጨት እጀታ ነው። ዘንጎቹ ላይ 30 በ 4 ሚ.ሜ ጠፍጣፋ ብረት ይበየዳል፤ ብረቱ በየ30 ሴ.ሜው ይበሳና እንጨቱ ከሥር በቪት ይታሰራል፤ ከላይ ቪት አይታይም። ዋንዛና ቀረሮ ለሥራ የተመቹ ናቸው። ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ በሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው ዛፎች ስለሆኑ ሕጋዊ ማስረጃ ካለው ነጋዴ ይገዙ፤ ወይም ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ይፈልጉ፤ አሮጌው የደረቀ ስለሆነ ይሻላልም። በደንብ ያልደረቀ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይጠማዘዛል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል። ባሕር ዛፍ በዚህ የታወቀ ነው። ለውጭ በረንዳ እንጨት ብቻውን ከሆነ ቫርኒሹ በከፍተኛ ቦታ ፀሐይ በየዓመቱ ስለሚላጥና ምስጥም ስለሚያሰጋ አንመክረውም።

*መስታወት።* ዕይታ አይከልልም፣ ልጅ አይወጣበትም፣ ክፍተት የለውም። የሚያስፈልገው ተምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) ነው፤ ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ስለዚህ ልኬቱ የሚወሰደው ወለሉ ካለቀና ቋሚዎቹ ከቆሙ በኋላ ነው። 1 ሴ.ሜ የተሳሳተ ልኬት ሙሉ መስታወቱን ያስጥላል። 12 ሚ.ሜ መስታወት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ይመዝናል። ተምፐርድ ሲሰበር ሙሉ በሙሉ ወደ ጥራጥሬ ይቀየራል፤ ከፎቅ በረንዳ ላይ ከሆነ ታች ላለ ሰው አደጋ ነው፣ ላዩም ክፍት ይቀራል። ለፎቅ ሁለት መስታወት በመሃል ፊልም የተጣበቀው ዓይነት ይመረጥ፤ ሲሰበርም ቦታው ላይ ይቆያል። ብረትና መስታወት በቀጥታ እንዳይነካኩ በየመያዣው ጎማ ይግባ። ለደረጃ ሲሆን እጀታ ለብቻው ያስፈልጋል፤ የመስታወት ጠርዝ አይያዝም። አቧራ ባለበት ሰፈር በየሳምንቱ ጽዳት እንዳለ ይቁጠሩት።

*አሉሚኒየም።* አይዝግም፣ ቀላል ነው። መጋጠሚያው በቪት ስለሚሆን ከጊዜ በኋላ ይላላል፤ ተመልሶ እንዲጠብቅ ቪቱ የሚደረስበት ይሁን። እርጥብ ሲሚንቶ ስለሚያጠቁረው ልስንና ቀለም ካለቀ በኋላ ይግባ። ለመስኮት የሚሠራውን ስስ ፕሮፋይል ለመደገፊያ ማዋል ግን ስህተት ነው።

*ግንብና የሲሚንቶ ባላስትራ።* የተለሰነ የብሎኬት ግንብ ብየዳ የለውም፤ ጨርሶ አይቀባም ባይባልም ትንሽ ጥገና ነው የሚፈልገው፤ ገመናም ይሸፍናል። አደጋው በሶሌታው ላይ እንዲሁ የተደረደረ የ10 ሴ.ሜ ብሎኬት ነው። ከታች ካለው ኮንክሪት ጋር የሚያስረው ነገር ከሌለ ሲገፋ እንደ መጽሐፍ ይገለበጣል። በየ2 ሜትሩ ከሶሌታው ፌሮ የተነሳ ትንሽ ኮለን፣ ከላይም ዙሪያውን የሚያስር ሁለት ፌሮ ያለው ማሰሪያ ቢም ይኑረው። ባላስትራም (በመደዳ የሚቆም ጌጠኛ አጭር ምሰሶ) እያንዳንዱ በመሃሉ ፌሮ ያለፈበት ይሁን። የተለሰነ ግንብ በሜትር ከ150 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ወደ ውጭ በወጣ በረንዳ ጫፍ ላይ ከመጨመሩ በፊት መሐንዲስ ስሌቱን ይየው። የውሃ መውረጃ ካልተተወለት በረንዳው ኩሬ ይሆናል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የመነሻ ወጪ | ዝናብ ላይ | ለእጅ አያያዝ | ጥገና | በብዛት የሚበላሽበት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቱቦላሬ | ዝቅተኛ | ቀለም ካልተጓደለ ደህና | ክብ እጀታ ካለው ጥሩ | ቀለም በ3 እና 4 ዓመት | የእግር ዝገት፣ ነጥብ ብየዳ |
| ጌጠኛ ፌሮ | መካከለኛ | ጥሩ | እንደ እጀታው | ቀለም፣ አቧራ | ሰፊ ክፍተት |
| ስቴንለስ 201 | መካከለኛ | ደካማ | በጣም ጥሩ | ማጽዳት | ነጠብጣብ ዝገት |
| ስቴንለስ 304 | ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ማጽዳት | ስስ ቱቦ፣ ጥቁር ፕሌት |
| ብረት ከእንጨት እጀታ ጋር | መካከለኛ | ለቤት ውስጥ ብቻ | ከሁሉ የተሻለ | ቫርኒሽ | ያልደረቀ እንጨት |
| መስታወት | ከሁሉ ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | እጀታ ይጨመር | ተደጋጋሚ ጽዳት | የልኬት ስህተት |
| አሉሚኒየም | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | እንደ ቅርጹ | ቪት ማጥበቅ | የላላ መጋጠሚያ |
| ግንብ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ጥሩ | እጀታ ይጨመር | ትንሽ | ከሶሌታው ጋር ያለመታሰር |

ለማን የትኛው

በጀት ሲያንስ ቱቦላሬውን በሙሉ ውፍረቱ ያሠሩ፤ ስሱን ስቴንለስ አይመኙ። በአንድ ገንዘብ በ0.8 ሚ.ሜ 201 እና በ2 ሚ.ሜ ቱቦላሬ መካከል መምረጥ ካለብዎ ሁለተኛው ይሻላል። አረጋውያን ላሉበት ቤት ገንዘቡ ለሁለተኛ እጀታ ይዋል፦ በደረጃው በሁለቱም በኩል፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው እርከን 30 ሴ.ሜ አልፎ የሚሄድ፣ ማረፊያው ላይ የማይቋረጥ። ጉልበት የሚያመው ሰው ወደ ላይ ሲወጣ በአንዱ፣ ሲወርድ በሌላው እጁ ስለሚደገፍ አንድ በኩል አይበቃውም። ትንንሽ ልጆች ካሉ ቋሚ ዘንግ ወይም መስታወት ይሁን። ለሚከራይ ቤት ቱቦላሬ ወይም ግንብ፤ ዝናብ በቀጥታ ለሚመታው በረንዳ አቅም ካለ 304፣ ካልሆነ ድፍን ፌሮ ይሻላል።

የ4 ሜትር በረንዳ በቱቦላሬ ሲሰላ

ቁመቱ 105 ሴ.ሜ፣ የታችኛው አግድም ከወለሉ 8 ሴ.ሜ ከፍ ያለ እንበል። አራት ቋሚዎች ሲቆሙ ሦስት ክፍል ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ውስጥ ለውስጥ ስፋት 126.7 ሴ.ሜ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል 10 ዘንግ ሲገባ ክፍተቱ 9.7 ሴ.ሜ ይሆናል። 9 ዘንግ ቢደረግ ክፍተቱ ከ10.8 ይበልጣል፤ አይፈቀድም። በጠቅላላ 30 ዘንግ፣ እያንዳንዱ 89 ሴ.ሜ። ከአንድ የ6 ሜትር ብረት 6 ዘንግ ስለሚወጣ 5 ብረት 20 በ 20 ይገዛል። ለቋሚዎቹ 1 ብረት 50 በ 50 ይበቃል። ለላይኛው አግድም 4 ሜትር፣ ለታችኛው 3.80 ስለሚያስፈልግ 2 ብረት 40 በ 40፤ ትርፉ 2 ሜትርና 2.20 ሜትር ነው። በያጁ ከዚህ ትርፍ ቋሚ ቆርጦ 50 በ 50ውን ሊያስቀር ስለሚችል የቋሚው ልክ በውሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ። በዚህ ላይ 4 ፕሌት 12 በ 12 ሴ.ሜ ባለ 8 ሚ.ሜ፣ 16 የ10 ሚ.ሜ ዘንግ ከነዳዶና ከነሮንዴላው።

ቁጥሩን ከያዙ በኋላ ውሉ ላይ የሚገባው ይኸው ነው፦ የዕቃው ዓይነትና ውፍረት፣ የቋሚዎች ርቀት፣ ከተጠናቀቀ ወለል የሚለካ ቁመት፣ የእግሩ አተሳሰር፣ የሜትሩ አለካክ፣ የአንቲረስቱና የቀለሙ ዙር። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ ሁለተኛው ብረቱ ሳይቀባ ታይቶ፣ የመጨረሻው ከተተከለ በኋላ።

በርክክቡ ዕለት ውሃ ልክና ሜትር ይያዙ። 10 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ካርቶን ቆርጠው በየክፍተቱ ያስገቡ፤ በየትኛውም ካለፈ ያ ክፍተት ይታረም። እጅዎን ከላይ እስከ ታች እያንሸራተቱ የብየዳ ጉጥና ስለታም ጠርዝ ይፈልጉ። ከዚያ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ቆመው፣ ከውስጥ በኩል ሆነው፣ የላይኛውን አግድም በሁለት እጅዎ ወደ ራስዎ በሙሉ ክብደትዎ ይሳቡት፤ ሌላ ሰው ደግሞ እግሩን ይመልከት። ብረቱ ጥቂት ተለጥጦ ሊመለስ ይችላል። ፕሌቱ ከወለሉ በፀጉር ያህል እንኳ ከተነሳ ያ ቋሚ ተነቅሎ እንደገና ይተከላል።